ጋሽ ዘለቀ እና መርከባቸው «እርግብ»

«ያ መርከቡን ያሰጠመው ሰውዬ ሞተ አሉ።»

የጋሽ ዘለቀን ሞት የሰማሁት እንዲህ ነው። ሸዋ በር ባጃጅ እየጠበቅሁ ነበር። ከፊቴ የቆሙ ሁለት ሴቶች ያወራሉ። ሁለተኛዋ፣ «የትኛው? ያ ሐኪም ጋራ ያለው እብዱ?» ብላ ጠየቀች። «አዎ፣ እሱ። ነፍሱን ይማር እንግዲህ» አለች የመጀመሪያዋ። ከዚያ ወሬያቸው ወደ ሽንኩርት መወደድ ዞረ። ባጃጅ መጣ፤ እነሱ ገቡ፣ እኔ ቀረሁ።

«እብድ አልነበሩም» ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን «ታዲያ ምን ነበሩ?» ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ? አራት ዓመት ሙሉ ያንኑ ጥያቄ ራሴን ስጠይቅ ኖሬ መልስ አላገኘሁለትም። በዚያ ላይ አራቱንም ዓመት ደጃቸውን የረገጥኩት አንድ ቀን ብቻ ነው። የቆምኩበት ቦታ ላይ ሆኜ ያፈርኩት በዚህ ነው።

እኔ ነጃት እባላለሁ፤ በግንብ የታጠረው የጁገል ልጅ ነኝ፤ ቤታችን ከኤረር በር ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ነው። ሥራዬ ጂኦግራፊ ማስተማር ነው። ጋሽ ዘለቀ ደግሞ ከግንቡ ውጭ፣ ሐኪም ጋራ ሥር፣ ቅድመ አያታቸው ከሸዋ መጥተው በሰፈሩበት ግቢ ነበር የሚኖሩት። በሃይማኖትም፣ በሰፈርም፣ በዕድሜም አንገናኝም። ያገናኘን መርከብ ነው። ባሕርም ሐይቅም በሌላት በሐረር ከተማ፣ ከመርከብ የተነሳ ወዳጅነት የያዝነው እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

መርከቧን መጀመሪያ ያየኋት ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ትምህርት ቤታችን ወደ ሐረማያ ሐይቅ ለሽርሽር ሲወስደን ነው። ነጭ ናት፤ ወገቧ ላይ ሰማያዊ መስመር ዞሮባታል፤ ከፊት «እርግብ» የሚል ስም ተጽፎባታል። ጣሪያዋ ቆርቆሮ ነው። ግራና ቀኝ የእንጨት አግዳሚ ወንበር አላት፤ ሃያ አራት ሰው ትይዛለች። መሪውን ይዘው የቆሙት ሰው ነጭ ኮፍያ ደፍተዋል። ጠጋ ብዬ፣ «አባባ፣ ጀልባዋ መቼ ነው የምትነሳው?» አልኳቸው።

ዞር ብለው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ጀልባ?» አሉ። «ጀልባ በመቅዘፊያ የሚሄደው ነው። ይቺ ሞተር አላት፣ መሪ አላት፣ ጡሩምባ አላት። መርከብ ናት። ጀልባ የሚል ሰው ካለ ወርዶ በእግሩ ይዙር።»

ልጆቹ ሁሉ ሳቁብኝ። ከዚያ አንድ በአንድ አናታችንን በጣታቸው ነካ እያደረጉ ቆጠሩን። ሃያ አራት ነበርን። ሐይቁን ዞረን ስንመለስ፣ ማንም ከወንበሩ ሳይነሳ፣ እንደገና ቆጠሩን። «ሙሉ ነን» አሉና አወረዱን። የት እንጠፋለን ብለው ነው ብዬ ያን ቀን ገርሞኝ ነበር። በኋላ ስንቀራረብ ግን ይሄ የዕድሜ ልክ ልማዳቸው መሆኑን አየሁ። ታክሲ ሲሳፈሩ፣ ሠርግ ሲጠሩ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። አንድ ቀን ከባለቤታቸው ጋር ሆነን ሬዲዮ ስንሰማ ድንገት «ሦስት ነን» ሲሉ ሰምቻለሁ።

የመርከቧን ታሪክ ያጫወቱኝ አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው፤ በአንድ ቀንም አይደለም። አንድ የመዝናኛ ድርጅት ነበር ያዘዛት። ከባሕር ማዶ መጥታ ጅቡቲ ወረደች። ለባቡሩ ስለረዘመች ወገቧ ላይ ለሁለት ተቆርጣ ድሬዳዋ ገባች። ከድሬዳዋ በሁለት መኪና ተጭና የደንገጎን ዳገት ስትወጣ፣ አንደኛው መኪና መታጠፊያው ላይ ቆሞ ቀረና የፊቷ ግማሽ ሦስት ቀን መንገድ ዳር አደረ። ጋሽ ዘለቀ ያኔ የመኪና መካኒክ ነበሩ። ሞተሩን ሊጠግኑ ተልከው ሄዱ። «ሄጄ አየኋታ» ይሉ ነበር። «ግማሽ መርከብ ዳገት ላይ ተቀምጣለች። ፍየሎች ጥላዋ ሥር ተኝተዋል። መኪናውን ጠግኜ ልመለስ አልቻልኩም፤ አብሬያት ወጣሁ።»

ሐይቁ ዳር ሁለቱን ግማሾች የበየዱት አው አብዱላሂ ናቸው። እኛ ሐረሪዎች ታላቅ ሰውን «አው» ብለን እንጠራለን። አው አብዱላሂ ከሸዋ በር አለፍ ብሎ የብየዳ ሱቅ ያላቸው፣ ቁጡ፣ በእጃቸው ሥራ የሚኮሩ ሰው ናቸው። «ማንም ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ጣቱን ይስደድበት፣ ስፌቱን ካገኘው እኔ በያጅ አይደለሁም» ይላሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አብዱላሂና ዘለቀ የማይለያዩ ጓደኛሞች ሆኑ። አንዱ በሌላው በዓል የማይጠፋ፣ እየተሰዳደቡ የሚዋደዱ ጓደኛሞች።

መርከቧ ብዙ ዓመት ሠራች። ሙሽሮች ተሳፍረውባታል፤ ከድሬዳዋ ሙቀት ሸሽተው የሚመጡ ቤተሰቦች እሑድ እሑድ ዞረውባታል። ጋሽ ዘለቀ ወፎቹን በስም እየጠሩ፣ የሌለውን ጥልቀት እየጨመሩ ያወሩ ነበር። ከዚያ ሐይቁ መሸሽ ጀመረ። መጀመሪያ መሳፈሪያው ላይ ሁለት ሳንቃ ጨመሩ። በዓመቱ አሥር ሳንቃ። የአንድ ሰዓቱ ዙር ግማሽ ሰዓት፣ ግማሹ አሥር ደቂቃ ሆነ። አንድ ጥዋት መጥተው ሞተሩን ሲያስነሱ መርከቧ አልተንቀሳቀሰችም፤ ጭቃ ላይ ተቀምጣለች።

«አብሬያት ተቀመጥኩ» አሉኝ። «ድርጅቱ ተዘጋ፣ ሠራተኛው ተበተነ። እኔ ግን በየቀኑ እየሄድኩ መሪው ጋ እቀመጣለሁ። ውሃው ራቅ እያለ ሄደና አንድ ቀን ዓይኔ አላይ አለው። ገበሬው ዙሪያዬን ማረስ ጀመረ። አንዲት ሴት መቆፈሪያ ይዛ መጣችና በትሕትና፣ ‹አባቴ፣ መርከብዎን ትንሽ ፈቀቅ ያድርጉልኝ፣ ድንች ልተክል ነው› አለችኝ።»

ይህን ሲያወሩ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እሳቸውም ይስቃሉ። በሳቁ መሀል ግን ኮፍያቸውን አውልቀው ውስጡን የማየት ልማድ ነበራቸው፤ ያን ጊዜ የእኔ ሳቅ ይቆም ነበር።

የሚጠይቃት ባለቤት አልነበረምና ጋሽ ዘለቀ መርከቧን የራሳቸው አድርገው ወሰዷት። በትልቅ መኪና አስጭነው ሐኪም ጋራ ሥር ግቢያቸው አስገቧት፤ ለመግባት የአጥሩ አንድ ጎን ፈርሷል። ባለቤታቸው እትዬ አሰገደች በር ላይ ቆመው፣ «የሰው ባል ውሽማ ይዞ ይመጣል፤ የኔው መርከብ ይዞ መጣ» አሉ ይባላል። ይህን ራሳቸው እትዬ አሰገደችም አልካዱም።

ከዚያ በኋላ ያለው የከተማው መሳቂያ የሆኑበት ዘመን ነው። በየዓመቱ ከክረምት በፊት ቀለም ይቀቧታል። ሞተሯን በወር አንዴ ያስነሱታል፤ ጡሩምባው ሲነፋ ሰፈሩ ውሻ በውሻ ይሆናል። የእኛ ሰዎች «የነቢዩ ኑህ ጎረቤት» ይሏቸዋል፤ ክርስቲያኑ «ኖኅ» ይላቸዋል። እሳቸው ግድ የላቸውም። «ውሃ አይሞትም» ይላሉ። «ውሃ ይሄዳል። የሄደ ደግሞ መንገዱን ያውቃል።»

እኔ ስለ ሐይቆች ሳስተምር ተማሪዎቼን እየወሰድኩ መርከቧ ላይ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ጋሽ ዘለቀ በደረቅ መሬት ላይ መሪውን ያዞራሉ፤ ልጆቹ ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ ሐይቅ ላይ እንዳሉ ይሆናሉ። ሲያልቅ ይቆጥሯቸዋል። አንድ ተማሪ፣ «ካፒቴን፣ ዋና ይችላሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። «አልችልም» አሉ ምንም ሳያፍሩ። «ካፒቴን ዋና ከቻለ መርከቡን ቶሎ ይተዋል።»

አላህ ሲል፣ ተከታታይ ጥሩ ክረምት ዘነበና ሐይቁ ተመለሰ። ከተማው ሁሉ እየሄደ አየ። እኔ በደስታ እየሮጥኩ ሐኪም ጋራ ሄድኩ። «ጋሽ ዘለቀ፣ እንዳሉት ሆነ! ተመለሰ እኮ!»

«አይቼዋለሁ» አሉ። ስድስት ቅዳሜ በተከታታይ፣ ለማንም ሳይነግሩ፣ ከሸዋ በር ሚኒባስ እየተሳፈሩ ሄደው ዳር ቆመው ሲያዩት ነበር ለካ።

«ታዲያ ደስ አላለዎትም?»

«እሱ አላወቀኝም» አሉና ቀለም ማማሰል ጀመሩ።

ግራ ተጋባሁ። ሲቀልዱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ብዙም ሳይቆይ የሽርሽር ነገር የሚመለከተው መሥሪያ ቤት አንድ ወጣት ኃላፊ ላከ። ሐይቁ ላይ መዝናኛው እንደገና ሊከፈት ነው፤ «እርግብ» ትፈለጋለች። ጋሽ ዘለቀ ተስማሙ። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መሪውን ራሳቸው ይይዛሉ። አው አብዱላሂ ሱቃቸውን ዘግተው መጡ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ሁለት ወር ሙሉ ሥሯ እየተኙ ፋቁ፣ በየዱ፣ ቀቡ። የመጀመሪያዎቹ ተሳፋሪዎች የእኔ ተማሪዎች እንዲሆኑ የለመንኩት እኔ ነኝ። ኃላፊው ተቀበለኝ። ጋሽ ዘለቀ ሲሰሙ፣ «ስንት ናቸው?» አሉኝ።

«ሃያ አራት ነዋ!» አልኳቸው። አልሳቁም።

ከግቢያቸው ስትወጣ ሐረር ተከትላት ወጣች ማለት ይቻላል። እልልታ ነበር፣ ጭብጨባ ነበር። ጋሽ ዘለቀ ጭነቱ ላይ፣ መሪው አጠገብ ቆመው በሸዋ በር በኩል አለፉ። ሐይቁ ላይ ተንሳፈፈች፤ አንድ ቀን ሙሉ ውሃ ላይ ዋለች። ቤንዚን የሞላ በርሜልና የአሸዋ ጆንያ ጭነው ሞከሯት። አው አብዱላሂ ባትሪ ይዘው ውስጧን ፈተሹና «አንዲት ጠብታ የለም!» ብለው እጃቸውን አጨበጨቡ።

በማግሥቱ ጥዋት ድንኳን ተተክሏል፤ እንግዶች ተቀምጠዋል። ልጆቼ ዩኒፎርማቸውን ለብሰው መሳፈሪያው ላይ ተሰልፈዋል። ጋሽ ዘለቀ ነጩን ኮፍያ ደፍተው መጡ። ኃላፊው «ይሳፈሩ?» ሲላቸው፣ «መጀመሪያ ብቻዬን አንዴ ልዙራት» አሉ። ሞተሩ ተነሳ። ጡሩምባው ተነፋ፤ ሕዝቡ ጮኸ። ከዳር ሃምሳ እርምጃ ያህል ራቁ፣ ዞሩ፣ ቆሙ። ሞተሩ ጠፋ። ከመሪው ወርደው ወደ ኋላ ሄደው ጎንበስ አሉ።

ምን እየሠሩ እንደሆነ ማንም አልገባውም። ከትንሽ ጊዜ በኋላ አንዱ ልጅ፣ «ቲቸር፣ ኋላዋ ዝቅ እያለ ነው» አለኝ።

ሰመጠች። ዓይናችን እያየ፣ ቀስ ብላ፣ እንደሚቀመጥ ሰው ሰመጠች። ውሃው እዚያ ጋ ብዙ አይጠልቅም፤ ጣሪያዋ ከላይ ቀረ። ጋሽ ዘለቀ ውሃው ደረታቸው እስኪደርስ ምሰሶውን ይዘው ቆመው፣ አንድ ዓሣ አጥማጅ በታንኳ ሄዶ አወጣቸው። ዳር ሲደርሱ ኃላፊው ይጮኻል፣ አው አብዱላሂ ራሳቸውን ይዘው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ጋሽ ዘለቀ ለማንም ሳይመልሱ፣ ልብሳቸው እየተንጠባጠበ፣ ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡ።

«ልጆቹን ቁጠሪያቸው» አሉኝ።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ምን አደረጉ?»

«ቁጠሪ!»

ቆጠርኩ። «ሃያ አራት» አልኩ።

«በቃ» አሉና ወደ መንገዱ ሄዱ።

ፖሊስ ወስዶ ጠየቃቸው፤ መርከቧ የራሳቸው ስለሆነች ለቀቃቸው። ከተማው ግን አልለቀቃቸውም። መጀመሪያ የተወራው «ብየዳው ለቆ ነው» የሚል ነበር። ይህ አው አብዱላሂን አሳበዳቸው። ሱቃቸው ደጃፍ ቆመው ላለፈ ላገደመው ሁሉ፣ «ወላሂ ብየዳዬ አልተነካም! ከሥሯ ያለውን የውሃ ማፍሰሻ ቡሎን በገዛ እጁ ነው የፈታው! ቡሎኑ ያለበት ቦታ ሲያጎነብስ በዓይኔ አይቼዋለሁ!» እያሉ ተናገሩ። ወሬው ያን ጊዜ ተቀየረ። ጋሽ ዘለቀ ያረጀ መካኒክ መሆናቸው ቀርቶ እብድ፣ ምቀኛ፣ የሕፃናትን ደስታ የቀሙ ክፉ ሽማግሌ ሆኑ። የዚያን ያህል ዓመት ጓደኛሞች ሰላምታ አቆሙ።

እኔም ተቆጥቼ ነበር። ወላጆች ተሰብስበው «ልጆቻችንን ለማን ነው አሳልፈሽ የሰጠሽው?» ብለው አፋጠውኛል። ሁለት ወር ቆይቼ አንድ ቀን ሄድኩ። ጋሽ ዘለቀ መርከቧ ቆማ የነበረበት ባዶ ቦታ ላይ በርጩማ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ለምን?» አልኳቸው፣ ሰላምታም ሳልሰጥ።

«ነጃት» አሉኝ፣ «ሃያ አራት ይዤ መውጣት አውቃለሁ። ሃያ አራት ይዤ መመለሴን ግን ያን ቀን አላወቅሁትም።»

«መርከቧ ችግር ነበረባት?»

«እንዲያ አላልኩም።»

«እርስዎ አሞዎት ነበር?»

«እንዲያም አላልኩም።»

«ታዲያ ‹ዛሬ አልነዳም› ማለት አይበቃም ነበር?»

«አልነዳም ብል ሌላ ሰው ይነዳት ነበር» አሉ። ከዚያ በላይ ከአፋቸው አንዲት ቃል ላወጣ አልቻልኩም። ተናድጄ ወጣሁ፤ ተመልሼም አልሄድኩም። መንገድ ላይ ባያቸው በርቀት ሰላም እላለሁ፤ እሳቸው ኮፍያቸውን ከፍ ያደርጋሉ። እንዲህ ሆነን አራት ዓመት አለፈ። ከዚያ ሸዋ በር ላይ ሞታቸውን ሰማሁ።

ለቅሶ ስደርስ ድንኳኑ ውስጥ ጥቂት ሰው ነበር። ሳላስበው መቁጠር ጀመርኩ፤ አሥራ አንድ ነን። ጥግ ላይ አው አብዱላሂ ተቀምጠዋል። እትዬ አሰገደች እጄን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ዓይናቸው ደረቅ ነበር። ቤተ ዘመዶቻቸው «አላለቀሰችም፣ ሊያማት ነው» እያሉ ይንሾካሾኩ ነበር።

«ነጃትዬ» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ላንቺ ነግሮሽ ነበር?»

«አልነገሩኝም፣ እትዬ አሰገደች።»

«ለእኔም አልነገረኝም። አንድ አልጋ ላይ አብሬው እየተኛሁ አራት ዓመት ጠየቅኩት። ሊሞት ሲል እንኳ ‹ቆጥሬያቸዋለሁ› ብቻ ነው ያለኝ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አሁን በጋው ጠንክሮ ውሃው ሸሽቷል፤ መርከቧ እስከ ሥሯ ትታያለች አሉ። አንቺ የተማርሽ ነሽ፣ አብዱላሂ ብረት ያውቃል። ሄዳችሁ እዩልኝ። ቀዳዳ ካላት፣ ስንጥቅ ካላት፣ ልጆቹን ሊያድን ነው ያደረገው ማለት ነው። እሱን ካወቅሁ አለቅሳለሁ። ካላወቅሁ ለማን ነው የማለቅሰው? ለየትኛው ሰውዬ?»

አው አብዱላሂ ከጥጋቸው ሰምተው ነበር። ተነስተው መዶሻቸውን ሊያመጡ ወጡ።

በሣልስቱ ማግሥት ጥዋት ሄድን። በሚኒባሱ ውስጥ አው አብዱላሂ፣ «ስድብ አስለመደኝና ዝም አለኝ፤ አራት ዓመት ሙሉ የሚሰድበኝ ሰው አጣሁ» አሉ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው።

«እርግብ» የተሰነጣጠቀ ጭቃ ላይ ወደ አንድ ጎን ዘንበል ብላ ተቀምጣለች። ቀለሟ ተልጧል፤ ጣሪያዋን ሰው ወስዶታል። አው አብዱላሂ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ። ከፊቷ ጀምረው፣ በየስንዝሩ፣ ብረቱን በመዶሻ እየመቱ ድምፁን ያዳምጣሉ። የሳሳ ብረት ድምፁ ይታፈናል፤ ደህና ብረት ይጮኻል። ይህን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። በእጄ ዝገቱን እየፋቅሁ እከተላለሁ። ልቤ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚመኘው፦ ታፍኖ የሚመልስ ቦታ እንዲገኝ። ያ ሁሉ ሕፃን ሊሳፈርባት በነበረች መርከብ ላይ ቀዳዳ እንዲኖር የምመኝ አስተማሪ ሆንኩ።

ብረቱ ጮኸ። ከፊት እስከ ኋላ፣ ከግራ እስከ ቀኝ ጮኸ። ወገቧ ላይ ወዳለው ስፌት ሲደርሱ አው አብዱላሂ መዶሻውን አስቀምጠው በመዳፋቸው ዳሰሱት። በጥፍራቸው ቧጠጡት። አራት ዓመት ውሃ ውስጥ ተኝቶ ስፌቱ አልተነካም። ወደ ኋላ ሄደን የማፍሰሻውን ቀዳዳ አየን። ቡሎኑ በሥርዓት ተፈትቶ፣ አጠገቡ ባለው መደርደሪያ ላይ በጨርቅ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። መካኒክ ዕቃውን መልሶ ሊያስርበት ሲያስብ እንደሚያስቀምጠው አድርገው ነበር ጋሽ ዘለቀ ያስቀመጡት።

«ደህና ናት» አልኩ።

«ደህና ናት» አሉ አው አብዱላሂ። ትክክል መሆናቸው ተረጋግጦላቸው እንዲህ ያዘነ ሰው አይቼ አላውቅም። ጭቃው ላይ ተቀምጠው፣ «ዘለቀ፣ ምን ነክቶህ ነው?» አሉ፣ እፊታቸው ያለ ይመስል። ውሃው ራቅ ብሎ ያበራል።

ስንመለስ እትዬ አሰገደች በር ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር። ጎረቤቶችም አሉ፤ ሁሉም ነገሩን ሰምቶ መጥቷል። መንገድ ላይ ምን እንደምንል አልተነጋገርንም ነበር። እኔ «እውነቱን በለዘበ ቃል እናገራለሁ» ብዬ ወስኛለሁ።

«እህ?» አሉ እትዬ አሰገደች። «ቀዳዳ ነበራት?»

አፌን ስከፍት አው አብዱላሂ ቀደሙኝ። «ብየዳዬ ነው» አሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ስፌቱ ተከፍቷል። በዕለቱ ጥዋት አይቶብኝ ይሆናል፤ በሰው ፊት ሊያዋርደኝ አልፈለገም። ቡሎኑን ባይፈታ ኖሮ መሀል ሐይቅ ላይ ለሁለት ትከፈል ነበር። እኔ ነኝ የበደልኩት። አራት ዓመት ስሙን አጠፋሁት።»

እትዬ አሰገደች ወደ ጎረቤቶቹ ዞሩ። «ሰማችሁ?» አሉ። አንድ በአንድ አዩዋቸው። «ሰማችሁ ወይ?» ከዚያ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣል አድርገው አለቀሱ። ሴቶቹ ተቀበሏቸው። ያን ቀን ሐኪም ጋራ ሥር የተለቀሰው ለቅሶ ድንኳን ከተተከለ ጀምሮ ያልተለቀሰ ዓይነት ነበር።

ወጥተን ቁልቁለቱን ስንወርድ፣ «አው አብዱላሂ፣ ስፌቱ እኮ ደህና ነበር» አልኳቸው።

«እጄ ነው የዳሰሰው» አሉ። «አንቺ ልትነግሪኝ ነው?»

«ከእንግዲህ ብየዳዎን ማን ያምናል?»

«የሚያምን ይመጣል፣ የማያምን ይቀራል። ውሸት ሐራም መሆኑን አውቃለሁ፤ አላህ ይቅር ይበለኝ።» ትንሽ ሄደው ቆሙ። «ግን ምናልባት አንድ ነገር አይቶ ይሆናላ? እኔ ያላየሁት? እኔ ብረት ነው የማውቀው፤ ውሃ የሚያውቀው እሱ ነው።» ይህን ያሉት እኔን ለማስረዳት ይሁን ራሳቸውን ለማሳመን አላወቅሁም።

ወሬው በሳምንት ውስጥ ከተማውን አዳረሰ። ጋሽ ዘለቀ ሃያ አራት ሕፃናትን ያተረፉ ሰው ሆኑ። ያኔ ያፋጠጡኝ ወላጆች ሐኪም ጋራ ሄደው እትዬ አሰገደችን ይቅርታ ጠየቁ። ከተማሪዎቹ አንዷ፣ ዛሬ አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰች፣ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ፣ «ቲቸር፣ እውነት ካፒቴኑ ባይኖሩ ኖሮ እንሞት ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን እንደመለስኩላት አላስታውስም፤ ደወል ተደወለ መሰለኝ።

እትዬ አሰገደች ዓመት ሳይሞላቸው ባላቸውን ተከተሉ። አው አብዱላሂ ሱቃቸውን አልዘጉም፤ ደንበኛ ግን ቀንሶባቸዋል። ባለፈው ሳምንት ሄጄ፣ በር የሚበይዱበት ቦታ አጠገብ ቆሜ ጠየቅኋቸው። «አሁን እትዬ አሰገደችም የሉም፤ እርስዎም ያለ ጥፋትዎ ስምዎ ጠፍቷል። እውነቱን ልጻፈው?»

ጥቁሩን መነጽር ወደ ግንባራቸው ከፍ አድርገው አዩኝ።

«ጻፊው» አሉ። «የትኛውን?»

መልስ ሳይጠብቁ መነጽሩን መልሰው አወረዱት።